አበባው ይሸታል ወይ

ወደ ሰሜን ዋልታ የሄድኩት አንዲት ነጭ አበባ ተከትዬ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ኮልፌ ተወልዶ ኮልፌ ያደገ፣ ብርድ ሲባል የሐምሌ ጭቃ ብቻ የሚታየው ሰው ከበረዶ ጋር ምን አገናኘው ይሉኛል። አባቴም መጀመሪያ ስነግረው ስቆ ነበር።

አባቴ ሶፋ ሠሪ ነበር። ከገበያው ወደ ታች በሚወስደው መንገድ ዳር በአንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከአንድ የረጅም ጊዜ ባልንጀራው ጋር አዲስ ሶፋ ይሠራል፣ አሮጌውን ያለብሳል። እናቴ የሞተችው እኔ ፊደል ሳልቆጥር ስለነበር ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው እዚያው ወርክሾፕ ነው። የስፖንጅ ቁርጥራጭ ክምር ላይ በደረቴ ተኝቼ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። የሶፋ ጨርቅ መቼም አበባ አያጣም። ጥቅሉ በተዘረጋ ቁጥር «ይሄ ምን አበባ ነው?» እለዋለሁ። «የጨርቅ አበባ» ይለኛል፣ መርፌውን ከአፉ ሳያወጣ። መልሱ ስለማያጠግበኝ ከወንዙ ዳር እየዞርኩ እውነተኛውን እፈልግ ነበር። እንግዲህ የዕፅዋት ተመራማሪነቴ ከየት ጀመረ ለሚለኝ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ጓደኛዬ አጥር ማዶ ነበረች። የእሷ ቤተሰቦች ሙስሊሞች ናቸው፣ የእኛ ክርስቲያኖች። ሁለቱም ከደቡብ ምዕራብ መጥተው በንግድ የኖሩ ስለሆኑ ሽማግሌዎቹ ሲገናኙ እኛ በማንሰማው ቋንቋ ይጫወቱ ነበር። እሷና እኔ በዓልን ሁለት ሁለት ጊዜ እያከበርን አደግን። ወንድምም እህትም ስለሌለኝ እህቴ ናት ብዬ ነበር የማስበው። አባቴን እሷም «አባባ» ነበር የምትለው፤ እኔ ግን «አንተ» ስለው እሷ «እርስዎ» ትለው ነበር። ትምህርት ስንጨርስ እሷ ነርስ ሆና አየር ጤና አካባቢ አንድ ክሊኒክ ገባች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ቀርቼ የደጋ ዕፅዋት ማጥናት ጀመርኩ።

አበባዋን ያገኘኋት ባሌ ተራሮች ላይ ነው። ከጎመን ዘር ወገን የሆነች፣ አራት ቅጠል ነጭ አበባ ያላት፣ ቁመቷ ከስንዝር እምብዛም የማያልፍ፣ ድንጋይ ተጠግታ የምትበቅል ተክል ናት። ሰው ረግጧት ያልፋል። ይህቺው ተክል የዓለም ጫፍ ላይ፣ ባሕሩ ሳይቀር በሚረጋበት አገር እንደምትበቅል ያወቅኩ ዕለት ግን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። እዚህና እዚያ እንዴት እንደደረሰች አዋቂዎቹ አሁንም ይከራከራሉ። ብዙ ዓመት ስለእሷ ስጽፍ ቆየሁ። በመጨረሻም በመርከብ ወደዚያ የሚሄዱ ተመራማሪዎች አብሬያቸው እንድወጣ ጋበዙኝ። ከአገራችን ለዕፅዋት ጥናት እዚያ ድረስ የዘለቀች ሴት እንደማያውቁ የነገሩኝም እነሱ ናቸው።

ለአባቴ የነገርኩት ወርክሾፕ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሶፋ ሞላ ሲያስር ነው።

«እዚያ ደግሞ ምን ይበቅላል?» አለኝ።

«አበባ።»

«በረዶ ላይ?»

«ከበረዶው ዳር።»

«እሷን ለማየት ነው ይሄ ሁሉ መንገድ?»

«አዎ።»

ሳቀና ሞላውን አስሮ ጨረሰ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ካፖርት አለሽ?» አለኝ።

ካፖርቱን ራሱ ሰፋልኝ። ለሶፋ የሚሆን ወፍራም ጨርቅ፣ ውስጡ ስስ ስፖንጅ የተነጠፈበት። ለብሼው ስቆም ባልንጀራው «ሁለት ሰው ያስቀምጣል» ብለው ቀለዱ። መርከብ ላይ ሌላ የተለየ ልብስ ስለሰጡን እንደ ትራስ ነበር የተጠቀምኩበት፤ ይህን ግን ለአባቴ አልነገርኩትም።

የሚያሳስበኝ ሳሉ ነበር። የስፖንጅ ብናኝ ዕድሜውን ሙሉ ሲምግ ስለኖረ ሳል ከእሱ አይጠፋም። ከመሄዴ በፊት ጓደኛዬን ለብቻዋ አነጋገርኳት።

«ሂጂ፣ እኔ አለሁ» አለችኝ።

«ምንም ቢሆን ትነግሪኛለሽ?»

«ምንም ቢሆን።»

«ቢያስነጥሰው እንኳን?»

«ቢያስነጥሳቸው እንኳን» አለችና ሳቀች። እጄን ይዛኝ ነበር።

የሄድኩት ክረምቱ ሲገባ፣ በሰኔ ነው። ስለ ባሕሩ በመጽሐፌ ብዙ ስለጻፍኩ እዚህ አልደግመውም። እዚያ አገር በዚያ ወራት ፀሐይ አትጠልቅም፤ ሰማዩ ዙሪያ ትዞርና ትመለሳለች። ዛፍ የሚባለው ከጣቴ አይረዝምም፤ አኻያ ነው ብለው ያሳዩኝ ተክል መሬት ላይ ተለጥፎ ነበር። ድንጋዩ ግን ባሌ እንደማውቀው ድንጋይ የድንጋይ ሽበት አብቅሎበታል፤ ቢጫውም ግራጫውም። እሱን ሳይ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ከመርከብ በጎማ ጀልባ በወረድን ቁጥር አንድ ሰው ጠመንጃ ይዞ ነጭ ድብ እንዳይመጣብን ይጠብቀናል፤ እኛ ተንበርክከን ሣር እንፈልጋለን።

መርከቡ ላይ ኔትወርክ ሲገኝ ጓደኛዬ ዘንድ አጫጭር የድምፅ መልእክት እልክ ነበር። የአባቴ ስልክ ከመደወልና ከመቀበል ሌላ ሥራ አያውቅም። ስለዚህ እሷ ከሥራ ስትወጣ ወርክሾፑ ጋ ትወርድና ታሰማዋለች፤ እሱ የሚለውን ደግሞ ቀድታ ትልክልኛለች። መጀመሪያ ላይ የራሱ ድምፅ ነበር የሚመጣው። ርቀቱ ከባድ ስለመሰለው ይጮኻል። «ፀሐይዋ ካልጠለቀች ሰው መቼ ነው የሚተኛው?» ብሎ ጠየቀኝ። መጋረጃ እንደምንጋርድ ነገርኩት። በሚቀጥለው «ዛፍ ከሌለ ወፉ የት ነው የሚያርፈው?» አለ። ገደል ላይ አልኩት። በእሱ ጥያቄ የተነሳ ወፎቹን ልብ ብዬ ማየት ጀመርኩ፤ ያየሁትን ማታ ማታ እጽፋለሁ። መጽሐፉ የተጀመረው እንዲህ ነው፤ አባቴ ለጠየቀኝ መልስ እየሰጠሁ።

ትንሽ ቆይቶ የእሱ ድምፅ ቀረ። ጓደኛዬ በራሷ ድምፅ፣ «አባባ ለስልክ ማውራት ሰለቸኝ፣ አንቺው ንገሪያት አሉ» አለችኝ። አመንኩ። አባቴን ለሚያውቅ ሰው የሚታመን ነገር ነበር፤ ፎቶ ሲያነሱት እንኳን ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ «አባባ እንዲህ አሉ» ሆነ። «አባባ ሳቁ።» «አባባ ያንን ደግመሽ አሰሚኝ አሉ።»

ሰኔ ሊያልቅ ሲል አውሮፕላን ማረፊያ ያላት አንዲት ትንሽ መንደር ቆምን። ከእኛ አንዳንዶቹ እዚያ ወርደው ወደየአገራቸው የሚመለሱበት ቦታ ነበር። ባሕሩ አንገላቶኝ፣ ምግብ አልረጋልኝ ብሎ ሰንብቼ ነበርና የቡድኑ መሪ መመለስ ከፈለግሽ ጊዜው አሁን ነው፣ ከዚህ በኋላ መውረጃ የለም አለችኝ። አበባዋን ገና አላገኘኋትም። ለጓደኛዬ ላክሁላት።

«መመለስ እችላለሁ። አባባ እንዴት ነው? ልምጣ ወይስ ልቀጥል?»

መልሱ ቶሎ ነበር የመጣው። «አባባ ደህና ናቸው። ቀጥዪ ብለዋል። አበባሽን ሳታገኚ እንዳትመጪ ብለዋል።»

ቀጠልኩ።

አበባዋን ያገኘኋት ሐምሌ ገብርኤል ዕለት ነው። ቀኑን የማስታውሰው ጠዋት ስነሳ አባቴ ዛሬ ወርክሾፑን አይከፍትም ብዬ ስላሰብኩ ነው። ከበረዶው ግግር የሚወርድ ውኃ ድንጋይ እየከፈለ በሚያልፍበት ጥግ፣ ነጭ፣ ትንሽ፣ ባሌ ድንጋይ ሥር እንደተውኳት ሆና ቆማ ነበር። ተንበረከክሁ። አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው። ጠመንጃ የያዘው ሰው የታመምኩ መስሎት መጣ። ማታ ለአባቴ ብዬ ረጅም መልእክት ላክሁ፤ ቅጠሏን፣ ድንጋዩን፣ የውኃውን ድምፅ ነገርኩት።

በማግሥቱ መልስ መጣ። «አባባ አበባው ይሸታል ወይ? አሉ።»

ደነገጥኩ። ስንት ዓመት ያጠናኋትን ተክል አንድ ቀን እንኳን አሽትቻት አላውቅም። ለክቻታለሁ፣ አድርቄያታለሁ፣ ቅጠሏን በማጉያ መነጽር አይቻለሁ፤ አፍንጫዬን ግን አስጠግቼ አላውቅም። መርከቡ እዚያው ቆሞ ስለነበር ተመልሼ እንድወርድ ለመንኩ። ጓንቴን አውልቄ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ በሆዴ ተኝቼ አሸተትኳት። ሽታዋ ስስ ነው፤ ዝናብ ካባራ በኋላ ያበበ ጎመን አጠገብ ሲያልፉ እንደሚሸተው ያለ። «ይሸታል በይው» ብዬ ላክሁ። «አባባ በጣም ደስ አላቸው» አለችኝ።

የተመለስኩት ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ጓደኛዬ፣ እናቷና የአባቴ ባልንጀራ ጠበቁኝ።

«አባባስ?»

«ብርዱ ሳላቸውን እንዳያስነሳባቸው ቤት ቀሩ» አለች ጓደኛዬ፣ ሻንጣዬን ከእጄ እየተቀበለች። ከዚያ ደግሞ የኮልፌ መንገድ ተቆፍሯል፣ አሁን መኪና አያስገባም፣ ዛሬ አስኮ አክስትሽ ጋ እደሪ ተባለ። ሁሉም አብረው መጡ። አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ አቅፋኝ ረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም። ናፍቆት መሰለኝ። ድካሙ ስለበረታብኝ የቀረበልኝን በልቼ ተኛሁ።

ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። በዚያ ሰዓት ነጠላ አጣፍተው የሚመጡ ሽማግሌዎች ለምን እንደሚመጡ የአዲስ አበባ ልጅ አይነገረውም። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ የሰውን ዳና ሰማሁ፣ አንድ፣ ሌላ፣ ብዙ። የሰፈራችን የዕድር ዳኛ ናቸው መጀመሪያ የገቡት። «ልጄ፣ አባትሽ አርፏል» አሉኝ። ቤቱ በለቅሶ ተሞላ፤ እኔም ሰው እንደሚያለቅሰው አለቀስኩ።

አክስቴ ደረቷን እየደቃች፣ «ለጴጥሮስ ወጳውሎስ! ጾሙ በተፈታ ዕለት!» ትል ነበር።

እሷ ይህን ደጋግማ ስትለው እኔ ለቅሶዬን አቋረጥኩ። ጴጥሮስ ወጳውሎስ ሐምሌ አምስት ነው። አበባዋን ያገኘኋት በአሥራ ዘጠኙ፣ ሐምሌ ገብርኤል ነው። አርባው ሳይቀር አልፏል። ዞሬ ጓደኛዬን ፈለግኋት። በሩ ጋ ቆማ ነበር።

«አበባው ይሸታል ወይ ያለው ማነው?» አልኳት።

የሰማው ሰው ሁሉ ሐዘኑ ያስቀባጠረኝ መሰለው። አንዷ ውኃ ረጨችብኝ፣ ሌላዋ «ያዟት፣ ያዟት» አለች። ጓደኛዬ ግን ገብቷታል። አንገቷን ደፋች።

ለቀስተኛው እስኪበተን አላነጋገርኳትም። እሷ ግን አንድ ቀን ሳታጓድል መጣች፤ ሳህን ታጥባለች፣ ለእንግዳ ታቀርባለች። ሰው «እንዲህ ያለች ጓደኛ» እያለ ሲያመሰግናት እሰማለሁ። አባቴን ያስታመመችው እሷ ናት፤ ሐኪም ቤት ያመላለሰችው፣ አፉን ያረጠበችው፣ ሲቀበር የሮጠችው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ቤቷ ሄድኩ።

«ቃል ገብተሽልኝ ነበር» አልኳት።

«ገብቼ ነበር። ግን መርዶ በስልክ ይነገራል? ባሕር ላይ፣ ዘመድ በሌለበት፣ ማን ሊይዝሽ? አክስትሽም ሽማግሌዎቹም እንዳትነግሪያት አሉኝ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«አለመንገር ሌላ ነው። አንቺ ግን በእሱ አፍ አወራሽኝ።»

«በየጊዜው አባባ ምን አለ ትይኛለሽ። ዝም ብል ታውቂ የለ? ምን ልበልሽ?»

«የአበባውን ነገር ማን ጠየቀ?»

«እኔ» አለች። «አባባ ቢኖሩ የሚጠይቁ መስሎኝ።»

ከተቀበረ በኋላ ለሞተ ሰው ስንት ነገር እንዳወራሁ አሰብኩ። በሆዴ ተኝቼ አበባ ያሸተትኩት ለማን እንደሆነ አሰብኩ። በጣም አመመኝ። ቢሆንም ያን ቀን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይቅር ልላት ተቃርቤ ነበር። መርዶ መደበቅ የሁላችንም ወግ ነው፤ እሷ ፈጥራ ያመጣችው አይደለም። ለራሴ እንዲህ እያልኩ ወጣሁ።

ሌላውን የሰማሁት ወርክሾፑን ልናስረክብ ዕቃ ስናወጣ ነው። የአባቴ ባልንጀራ የስፌት መኪናውን እያሰሩ፣ የማውቀውን ነገር እንደሚናገር ሰው፣ «መቼስ የእሱስ ልብ አንቺው ጋ ነበር። ትምጣ፣ ትምጣ እያለ ነው የሄደው» አሉኝ።

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ትምጣ ሲል ነበር። አልጋ ከያዘ ጀምሮ። ልጅቷም ‹ነግሬያታለሁ፤ መርከቡ አይመለስም፣ መውጫ የለም ብላለች› አለችው። እሱም ይሁን፣ ካልሆነ ምን ታድርግ አለ።» ፊቴን ሲያዩ ገመዱን ለቀቁት። «አታውቂም ነበር እንዴ?»

ዕቃውን ትቼ በእግሬ ወደ ሰፈር ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ከሰው ጋር ትከሻ መነካካት አልቻልኩም። መንደሯ፣ አውሮፕላኑ፣ የቡድኑ መሪ «አሁን ነው» ያለችኝ፣ ሁሉም ይመጣብኛል። ልምጣ ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ። እሱም ትምጣ ብሏል። ሁለታችንም የተነጋገርነው በአንድ ሰው በኩል ነው፤ ያ ሰው የእኔን ለእሱ፣ የእሱን ለእኔ ገልብጦ አቀረበው።

ጓደኛዬ ከሥራ ስትመለስ በራቸው ላይ ጠበቅኋት። ገና ሳልናገር ነገሩ ገባት።

«ነገሩሽ» አለች።

«መርከቡ አይመለስም ብዬሻለሁ?»

«አላልሽም።»

«ቀጥዪ ብሏል?»

ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠችና «ብለዋል» አለች። «ማታ ሲያማቸው ትምጣ ይላሉ፣ ጠዋት ሲሻላቸው ተዪያት፣ ሥራዋን ትጨርስ ይላሉ። ሐኪሙም ይድናሉ ብሎኛል። እኔም ድነው የምታገኚያቸው መስሎኝ ነበር። የጠዋቱን ያዝኩ።»

«የማታውን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትመጪ ነበራ!» አለች፤ ድምፅዋ ያኔ ነው ከፍ ያለው። «ዕድሜሽን ሙሉ የጠበቅሽውን ጥለሽ ትመጪ ነበር። ለሳል። ደርሰሽ እሳቸው ድነው ቁጭ ብለው ብታገኚያቸውስ?»

«ደስ ይለኝ ነበር» አልኳት።

«ወላሂ ጠዋት ጠዋት ተዪያት ይሉ ነበር።»

በልጅነታችን ሰው ሁሉ በሐሰት ሲምል እሷ አትምልም ነበር። ያንን አውቃለሁ። ሆኖም ያን ቀን ፊቷን እያየሁ ይህኛውስ አባቴ ያለው ነው ወይስ ቢኖር ይል ነበር ብላ ያሰበችው ነው አልኩ። የጠዋቱን የሰማ ሌላ ሰው የለም። ባልንጀራው ወርክሾፕ ሲዘጉ ስለሚመጡ የሰሙት የማታውን ብቻ ነው። እውነት ብሎ ከሆነ፣ አባቴ ልቤን የሚያሳርፍ ነገር ትቶልኝ ሄዷል፤ ግን የተወው በእሷ እጅ ስለሆነ ልወስደው አልቻልኩም። እስከ ዛሬም አልወሰድኩትም።

ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ ሳንነጋገር ኖርን። ጎረቤት መሆን ከባድ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ትመጣለች፣ እኔ ወደ ሌላው እዞራለሁ። ሰፈሩ በእኔ ነበር የፈረደው። «ያስታመመላትን ሰው!» ይሉኛል። አክስቴ እንኳን አስኮ ድረስ ጠርታኝ፣ «እኔ ነኝ አትንገሪያት ያልኳት፣ በእኔ ተቀየሚ» አለችኝ። ትምጣ ማለቱን ታውቂ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አላወቀችም። ስነግራት አፏን ይዛ ቀረች፤ ከዚያ በኋላ ስለ እርቅ አንስታብኝ አታውቅም።

መጽሐፉ ተጽፎ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። መሠረቱ ሁሉ የአባቴ ጥያቄ ነው፤ አንድ ሶፋ ሠሪ ኮልፌ ቁጭ ብሎ ይጠይቃል፣ ልጁ ከበረዶ አገር ትመልሳለች። ያነበበልኝ አርታኢ ከሁሉም ጥያቄዎቹን ነው የወደድኩት አለኝ። ከወደዳቸው ውስጥ የሚበዙት በጓደኛዬ ድምፅ የመጡት ናቸው። አልጋ ላይ ሆኖ የጠየቃቸው ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ እሷን መጠየቅ እችል ነበር፣ መልሷን ምን አደርገዋለሁ? ስለዚህ በገዛ ድምፁ የሰማኋቸውን ብቻ ትቼ የቀሩትን አወጣሁ። መጽሐፉ ሳሳ። አርታኢው አዘነ። የአበባዋን ሽታ ግን ማውጣት አልሆነልኝም፤ አሽትቻታለሁና። ማን እንደጠየቀኝ ሳልጽፍ «አሸተትኳት» ብዬ አለፍኩ።

ሲመረቅ ብዙ ሰው መጣ። የመጀመሪያዋ ሴት ምናምን ተብሎ ንግግር ተደረገ፤ ተማሪዎቼ አጨበጨቡ። ጓደኛዬ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ አየኋት። አበባዋን ያሸተትኩበትን ገጽ እንዳነብ ጠየቁኝ፤ ሌላ ገጽ አነበብኩ። ከመድረክ ስወርድ ሄዳለች።

ባለፈው ክረምት ጓደኛዬ ለሥልጠና ሐዋሳ ሄዳ ሳለ እናቷ ባኞ ቤት ወደቁ። ጩኸቱን ሰምቼ የገባሁት እኔ ነኝ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። መኪና ለምኜ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። አልጋ ላይ ሳይወጡ እጄን አጥብቀው ይዘው፣ «ልጄ፣ እንዳትነግሪያት። በመንገድ ትደነግጥብኛለች። ስትመጣ ታየኝ የለ» አሉኝ።

«እሺ እማማ» አላልኳቸውም። «እነግራታለሁ» አልኳቸውና ኮሪደር ወጥቼ ደወልኩ። ያን ያህል ጊዜ ስንዘጋጋ ቁጥሯን ከስልኬ አላጠፋሁትም ነበር። «እናትሽ ወድቀዋል። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ይገባሉ። እንዳልነግርሽ ብለውኛል» አልኳት። ከዚያ ውጪ ምንም አልጨመርኩም። እሷም «መጣሁ» ብቻ ብላ ዘጋች። ሳይገቡ ደረሰች።

እናቷ ዳኑ፤ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ። እኔን ግን ተቀይመውኛል። «ልጄን በድንጋጤ ልትገድያት ነበር» አሉኝ፣ ልጠይቃቸው በገባሁ ጊዜ። ጓደኛዬ እስከ ፌርማታው ሸኘችኝ። ሁለታችንም የምንለውን እየመረጥን ነበር።

«ስልኩ ላይ ስምሽን ሳይ ልትሰድቢኝ የደወልሽ መስሎኝ ነበር» አለች።

«አስቤው ነበር።»

ፈገግ አለች። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ባይተርፉ ኖሮ እንኳን አይቻቸው ነበር፤ አንቺ ግን...» አለች። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም፤ የቀረውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ይቅርታ ልትለኝ እንደነበር ገባኝ። ታክሲው መጣ፣ ረዳቱ ሰው ጠራ፣ ገባሁ።

ታርቃችኋል ወይ ለሚለኝ አዎ እላለሁ። በዓል እንጠራራለን። እኔም በሚመጣው ዓመት ወደዚያው አገር ልመለስ ነው፤ ስነግራት ደስ ብሏት ምን ላሰናዳልሽ አለችኝ። አልጠላኋትም። ግን አንድ ነገር ከውስጤ ሄዷል። ሰኞ ዕለት ከሥራ ስመለስ መንገድ ላይ አገኘኋትና «እናትሽ እንዴት ናቸው?» አልኳት። «ደህና ናቸው፣ አሁን ነው የበሉት» አለችኝና ወደ ሱቅ አለፈች። እኔ ወደ ቤቴ አልገባሁም። በሯን አንኳኩቼ ገባሁና እናቷን አየኋቸው። ደህና ነበሩ። በልተዋል።